ሕዝብን ስለ መጠየቅ ጥበብ
ጋዜጣና ራዲዮ በሰው አሳብ ላይ ያላቸውን ኃይል መመርመር የሚሻ ተማሪ፣ በአሜሪካ በኦሃዮ በኢሪ አውራጃ የተደረገውን ጥናት ቢመለከት ይጠቀማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ሩዝቬልትና ዊልኪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ 600 መራጮችን ከግንቦት እስከ ኅዳር በየወሩ እየተመላለሱ ጠየቁ። ነገር ግን መላልሶ መጠየቁ ራሱ የተጠያቂውን አሳብ ቢለውጥስ? ደጋግሞ የተጠየቀ ሰው ያላሰበውን ማሰቡ መቼ ይቀራል! ስለዚህ በየቡድኑ 600 ሰው ያለባቸውን ሌሎች ሦስት ቡድኖች ለይተው፣ እነዚህን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው በመጠየቅ መልሱን ከመልስ አስተያዩ። እኔን ከውጤቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ጥንቃቄ ነው። ውጤቱ በ1944 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጣ፤ በምርጫው ዘመቻ ወገኑን የለወጠው ሰው ጥቂት ነበረ። ተጠያቂዎቹም ከራዲዮና ከጋዜጣ ይልቅ፣ ከሰው ጋር የተነጋገሩትን አብዝተው አወሱ።