ትርፍ ሰው

በአዲስ አበባ ታክሲ "ትርፍ" ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ኪስ የሚገባው ብር ነው። ሌላው ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ "ዝቅ በል!" የሚባለው ምስኪን ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ለባለመኪናው ትርፍ የሆነው ያው ሰው ለሕጉ ትርፍ ነው። ይህ ነገር ውሃ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ እንሂድ።

ሐይቁ ዳር ያለችው ምዋንዛ እ.ኤ.አ. በ1928 የባቡር ሐዲድ ደረሰላት። ሐዲዱ ውሃው ላይ ሲያበቃ ጭነቱንም ሰዉንም የሚረከቡት መርከቦች ነበሩ፤ መርከቦቹም የባቡር ድርጅቱ ንብረት ነበሩ። በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የጋራ ድርጅታቸውን ተከፋፈሉ። በታንዛኒያ በኩል ባቡሩም መርከቡም ለአዲሱ የታንዛኒያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ኤም ቪ ቡኮባ የተባለችው መርከብም በ1979 ገደማ ተሠራች። የመጫን አቅሟ 850 ቶን ጭነትና 430 ሰው ነበር።

ግንቦት 21 ቀን 1996፣ በእኛ ግንቦት 13 ቀን 1988 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከቡኮባ ከተማ የተነሳችው ይህች መርከብ ምዋንዛ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ ዝርዝር ላይ 443 ሰዎች ሰፍረው ተገኙ። አስተውሉ፤ በዚህ ብቻ እንኳ ከአቅሟ በላይ ጭናለች። ሦስተኛ ማዕረግስ? ዝርዝር አልነበረውም! ርካሹን ትኬት የቆረጠ ሰው ስሙን የሚጽፍለት አላገኘም። ለዚህ ነው የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያከራክረው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 894 ነው፤ ወደ ሺህ የሚያደርሱትም አሉ።

አገሪቱ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። ካፒቴኑን ጨምሮ ዘጠኝ የኮርፖሬሽኑ ሰዎች ተከሰሱ። በ1999 መርከቦቹ ከባቡሩ ተነጥለው ራሱን ለቻለ የመርከብ ኩባንያ ተሰጡ። ስም ተለወጠ፣ ማኅተም ተለወጠ። ቆጠራውስ?

መስከረም 20 ቀን 2018 እዚያው ሐይቅ ላይ፣ ኡካራ ደሴት አጠገብ፣ የመንግሥት የነበረችው ኤም ቪ ኒዬሬሬ ሰጠመች። አቅሟ ለ101 ሰው ነበር፤ የሞቱት ብቻ ከ220 በላይ ሆኑ። ስንት ሰው ተሳፍሮ ነበር? ባለሥልጣናቱ በወቅቱ እንደተናገሩት ትኬት ቆራጩም ሞቷል፣ መመዝገቢያ መሣሪያውም አብሮ ሰጥሟል። ከ22 ዓመት በኋላም ቆጠራው ከተቆጠሩት ጋር ውሃ ገባ።

"ሰዉ ራሱ እየተጋፋ ይገባል" የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፣ ይጋፋል። ቀጣዩ መርከብ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ፣ ሐይቁን በየብስ የሚዞርበት ብር የሌለው ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ጭነት ሲሆን እኮ ማንም እንዲህ አይቀልድም። ለአንድ ጆንያ ቡና ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ቢጠፋ ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ ይመጣላ! ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍሮ የቀረ ሰው እናት ግን ይዛ የምትመጣው ወረቀት የላትም። ልጇ መሳፈሩን ራሱ ማስረዳት አለባት።

እንግዲህ የስም ዝርዝር ማለት ይሄ ነው፦ ገንዘባችሁን የተቀበለ ሰው "አላውቃቸውም" እንዳይል የሚያስር ገመድ። ትኬት ስትቆርጡ "ስሜን ጻፈው" በሉ፤ ቢስቅባችሁም።