የቤት ውስጥ ብየዳ በደማምና በኾበር፦ መሣሪያው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ጥንቃቄውና ሕጉ

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክልል ብረትና ብየዳ ከከተሞቹ ታሪክ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በማርች 1938 በዳህራን የሚገኘው የደማም 7ኛ ጉድጓድ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ከሰጠ በኋላ፣ በአካባቢው የተዘረጋው ቧንቧ፣ የተተከለው ማጠራቀሚያና የተገነባው ወደብ ሁሉ በበያጆች እጅ ተገጣጥሟል። በዳህራን የሚገኘው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል፣ በተለምዶ «ኢስራ» የሚባለው ሕንፃ፣ ውጫዊ ገጽታው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ባላቸው የማይዝጉ የብረት ቱቦዎች የተሸፈነ ነው።

የብየዳ መሣሪያ ዛሬ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ወጥቶ በቤት ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ከአምስት ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል መሣሪያ የግቢ በር ለመጠገን፣ የአበባ ማስቀመጫ ለመሥራት ወይም የከሰል ማንደጃ ለማበጀት ይበቃል። በክልሉ ነዋሪ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከልም ሙያውን በትርፍ ጊዜያቸው ለመልመድ የሚፈልጉ አሉ። ይህ ጽሑፍ መሣሪያ ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለባቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ቃላቱና ገበያው

ብየዳ በዓረብኛ «ሊሓም»፣ በያጁ «ለሓም»፣ አንጥረኛ ወይም የብረት ሠራተኛ «ሐዳድ»፣ ብረት ደግሞ «ሐዲድ» ይባላል። የመጨረሻው ቃል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የባቡር መንገድ «ሐዲድ» የተባለው ከዚሁ ነው። የሥራ ቤት «ወርሻ»፣ ወርሻዎች የተሰበሰቡበት ሠፈር «ስናዒያ» ይባላል። በደማም የኹደሪያ፣ በኾበር ደግሞ የሱቅባ ሠፈሮች በወርሻዎቻቸው ይታወቃሉ። ቱቦላሬ፣ አንግል ብረትና ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት በስድስት ሜትር ዘንግ ወይም በሙሉ ገበታ ስለሆነ፣ ገዥው የሚፈልገውን ልክ አስቀድሞ ጽፎ ቢሄድ ሻጩ በዚያው ቆርጦ ሊሰጠው ይችላል። ይህም ብረቱን በመኪና ለማጓጓዝ ይረዳል፤ በቤት የሚደረገውንም የመቁረጥ ሥራ ይቀንሳል።

የትኛው መሣሪያ?

ለጀማሪ በገበያ ላይ የሚቀርቡት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በኤሌክትሮድ ዘንግ የሚበይደው ኢንቨርተር ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ አያያዙ ቀላል ሲሆን ጋዝ አይፈልግም። ሁለተኛው ሽቦን ከጥቅል እየሳበ የሚመግበው፣ «ሚግ» የሚባለው መሣሪያ ነው። ለመልመድ ይቀላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የጋዝ ሲሊንደር ያስፈልገዋል። ከሰሜን ምዕራብ «ሸማል» የሚባለው ነፋስ ሲነሣ መከላከያ ጋዙን ስለሚበትነው፣ በደጅ ለሚሠራ ሰው የኤሌክትሮድ ዘንግ ወይም ውስጡ በዱቄት የተሞላ፣ ጋዝ የማይፈልግ ሽቦ የተሻለ ምርጫ ነው።

ገዥው በመሣሪያው ታርጋ ላይ ማየት ያለበት ትልቁን የአምፔር ቁጥር ብቻ አይደለም። ከአጠገቡ የተጻፈው መቶኛ፣ መሣሪያው ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ያለማቋረጥ መበየድ እንደሚችል ያመለክታል። «160 አምፔር፣ 20 በመቶ» የሚል መሣሪያ በ160 አምፔር ሁለት ደቂቃ በይዶ ስምንት ደቂቃ ማረፍ አለበት። ይህ ልክ ለሙያ በሚያገለግሉ መሣሪያዎች የሚለካው በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአየር ሙቀት ሲሆን፣ ለትርፍ ጊዜ በተሠሩ አንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ግን በ20 ዲግሪ ነው። በደማም የጁላይ ቀትር ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ በሐሩር ወራት መሣሪያው በታርጋው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ጊዜ እንደሚሠራ፣ ቶሎ ግሎ ራሱን እንደሚያጠፋ መጠበቅ ይገባል። ይህ ሲሆን መሣሪያውን ከመንቀል ይልቅ ማራገቢያው እንዲያቀዘቅዘው ሳይነቀል መተው ይመረጣል።

የኤሌክትሪኩ ነገር

በሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ዓመታት ለቤቶች የሚቀርበው ኃይል 127 እና 220 ቮልት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቀስ በቀስ ወደ 230 እና 400 ቮልት እንዲለወጥ ወሰነ። በዚህ ምክንያት በቆዩ ቤቶች ሁለት ዓይነት ሶኬት ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል። የ230 ቮልት መሣሪያ በ127 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰካ ወይ አይነሣም፤ ወይም አርኩ ደካማ ሆኖ ዘንጉ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ሶኬቱን በመልኩ ከመገመት ይልቅ በቮልት መለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የሚሳበውን ኃይልም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በ100 አምፔር ሲበየድ የአርኩ ቮልቴጅ ወደ 24 ቮልት ይጠጋል፤ ይህም 2,400 ዋት ነው። በመሣሪያው ውስጥ የሚባክነው ሲታከል ከሶኬቱ የሚሳበው 3,000 ዋት ገደማ ይሆናል። በ230 ቮልት ይህ 13 አምፔር ሲሆን፣ የብዙ አነስተኛ ኢንቨርተሮች አሳሳብ ወጥ ስላልሆነ በተግባር ከዚያ ከፍ ይላል። ባለ ሦስት ጥርሱ ሶኬት የተሠራው እስከ 13 አምፔር ድረስ ነው። ስለዚህ ከ100 አምፔር በላይ ለመበየድ የሚያስብ ሰው ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሻን የተዘረጋ የራሱ መስመርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ሊኖረው ይገባል። የማራዘሚያ ገመድ የግድ ካስፈለገ ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ሲሠራም ከመጠምጠሚያው ሙሉ በሙሉ የተፈታ ይሁን፤ እንደተጠመጠመ የሚሠራበት ገመድ ግሎ ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል።

መሣሪያውን ወደ ሀገር ቤት ይዞ ለመመለስ የሚያስብ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለበት። የሳዑዲ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በታርጋው ላይ «50/60 ኸርዝ» የሚል ኢንቨርተር በሁለቱም ሀገር ይሠራል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ባለ ትራንስፎርመር ከባድ መሣሪያ ግን በ50 ኸርዝ ከተለመደው በላይ ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት

የምሥራቃዊ ክልል ጠረፍ ሙቀትና እርጥበትን አጣምሮ የያዘ ነው። በመሣሪያው መቆንጠጫና በብረቱ መካከል፣ ሳይበየድ በሚቆይበት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ቮልት አለ። ይህ ቮልቴጅ በደረቅ እጅ ብዙም ላይሰማ ይችላል፤ በላብ የራሰ ጓንትና ልብስ ለለበሰ፣ በእርጥብ መሬት ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ለሕይወት አስጊ ነው። ጓንት ሲረጥብ መለወጥ፣ ደረቅ ጣውላ ወይም ጎማ ላይ መቆም፣ ዘንጉን በባዶ እጅ አለመቀየር የግድ ነው።

እርጥበቱ ኤሌክትሮዱንም ያበላሻል። «6013» የሚል ቁጥር ያለው ዘንግ እርጥበትን በመጠኑ ስለሚችል ለጀማሪ ይመከራል፤ «7018» የሚባለው ግን በምድጃ ካልደረቀ የብየዳውን ጥንካሬ ይጎዳል። የተከፈተ እሽግ በክዳን በሚዘጋ ዕቃ ይቀመጥ። ጨዋማው አየር የተበየደውን ቦታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያዝገው፣ ቅርፊቱ በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ በዚያው ቀን ዝገት ተከላካይ ቀለም ሊቀባ ይገባል።

ዓይን፣ ሳንባና እሳት

የአርኩ ብርሃን በዓይን ላይ ያደረሰው ጉዳት የሚሰማው ወዲያውኑ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ነው። ሌሊት ላይ አሸዋ እንደገባበት የሚቆጠቁጥና የሚያለቅስ ዓይን የዚሁ ምልክት ነው። ከ60 እስከ 160 አምፔር ለሚሠራ ሰው የጥቁረት ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ የፊት ጭንብል ያስፈልጋል፤ የፀሐይ መነጽር በፍጹም አይተካውም። በአጠገቡ የሚቆሙ ልጆችም መራቅ አለባቸው። ልብሱ ከጥጥ ወይም ከቆዳ የተሠራ፣ ክንድንና አንገትን የሚሸፍን ይሁን፤ ናይሎንና ፖሊስተር ቀልጠው ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተራ መድቦታል። በዚንክ የተለበጠ፣ በተለምዶ «ጋልቫናይዝድ» የሚባለው ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሰውነት ቁርጥማት ያስከትላል። ብዙ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ልባጩን በቅድሚያ ከብየዳው ቦታ ማንሣት፣ በክፍት ቦታ ከነፋሱ ጎን ቆሞ መሥራትና ለብረት ጭስ የተሠራ መተንፈሻ ማድረግ ይገባል። በአፓርታማ ክፍል፣ በመታጠቢያ ቤት ወይም በተዘጋ በረንዳ ውስጥ መበየድ ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የአሮጌ በርሜል ነው። ዘይት፣ ቀለም ወይም ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ለጥብስ ማንደጃ ለመቁረጥ የሚነሣ ሰው፣ በውሃ ስላጠበው ባዶ ነው ብሎ ያምናል። በስፌቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ዘይት ሲግል ተንኖ ይፈነዳል። ለማንደጃ ሥራ አዲስ ላሜራ መግዛት ከዚህ ሁሉ ያድናል። ብየዳ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አካባቢውን መጠበቅ፣ የእሳት ማጥፊያም በቅርብ ማኖር ያስፈልጋል። አደጋ ቢደርስ በምሥራቃዊ ክልል የተቀናጀው የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 911 ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ፦ የቡና ረከቦት

ለልምምድ የሚመች፣ ለቤትም የሚጠቅም ሥራ ባለ ብረት እግር ረከቦት ነው። 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ አንድ ዘንግ ይበቃል።

ሁለት 60 ሴንቲ ሜትርና ሁለት 40 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች ጫፋቸው በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የላይኛውን ክፈፍ ይሠራሉ። አራት 22.5 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች እግር ይሆናሉ፤ ሁለት 35 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች ደግሞ በአጭሩ ጎን እግሮቹን ያያይዛሉ። ጠቅላላው 3.6 ሜትር ነው፤ የቀረው ለልምምድ ይውላል። ክፈፉ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ በአራቱ ማዕዘን በነጥብ ብቻ ይያዝ። ከዚያ ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ይለኩ፤ ሁለቱም 72.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆኑ ክፈፉ ቀጥ ብሏል። ካልሆኑ ነጥቦቹ ሳይጠነክሩ በቀላሉ ይስተካከላሉ። ለዚህ ቀጭን ብረት 2 ሚሊ ሜትር ዘንግ፣ ከ45 እስከ 60 አምፔር ይስማማዋል። ብየዳው በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው እየተዘዋወረ ቢሠራ ሙቀቱ ክፈፉን አያጣምመውም። የማሳው መቆንጠጫ ቀለምና ዝገት በሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ መያዝ አለበት።

ትርፍ ጊዜና ሥራ የሚለያዩበት ወሰን

ለራስ ቤት መበየድና ለሌላ ሰው በክፍያ መበየድ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 39 የውጭ ሀገር ሠራተኛ ከአሠሪው ውጭ ለሌላ ወይም ለራሱ ጥቅም እንዳይሠራ ይከለክላል። የጎረቤትን በር በገንዘብ መጠገን ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ የገንዘብ መቀጮ፣ እስራትና ከሀገር መባረር ሊያስከትል ይችላል። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰውም የባለቤቱን፣ በኩባንያ መኖሪያ ያለ ደግሞ የኃላፊውን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ሙያውን ወደ መደበኛ ሥራ ለማሳደግ ለሚፈልግ መንገዱ የተለየ ነው። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የሙያ ማረጋገጫ ፕሮግራም በመጀመሪያ ካካተታቸው ሙያዎች አንዱ ብየዳ ነው። በጁበይልና በነዳጅ ተቋማት የሚሠሩ የቧንቧ በያጆች «6ጂ» የሚባለውን፣ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ቧንቧን ዙሪያውን የመበየድ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። በኢትዮጵያም የሙያ ብቃት ምዘና የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በቤት የተገኘ ልምድ እጅን ያፍታታል እንጂ ምስክር ወረቀትን አይተካም።

ቀጥቃጭን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ የነበረው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የብረት ሥራ ቤት አቋቁመው ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ፣ ሙያው ለሀገር ያለውን ዋጋ አሳይተው ነበር። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራም የተጣለ ብረት ዛሬም ማንደጃና ድስት ይሆናል። ከደማም ወይም ከኾበር ይህን ሙያ ተምሮ የሚመለስ ሰው ዕውቀት ይዞ ይገባል፤ ይህ የሚሆነው ግን ዓይኑን፣ ሳንባውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ጠብቆ ከተማረ ብቻ ነው።