የፓሪሱ የሰላም ውል በጣሊያን ላይ ከብዶ ነበር?

ከጎንደር ተነስተን፣ ወለቃን አልፈን ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ የምንጓዝበት ጎዳና ጣሊያን የቀየሰው ነው። «መንገድ ሠርተውልናል እኮ» የሚለውን ክርክር ሁላችንም ሻይ ቤት ሰምተነዋል። የሠሩት ግን ጦር ሊያመላልሱበት ነበር። ጦሩም ያበቃለት እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ከስድስት ወር በኋላ እንኳ ጎንደር በእጃቸው ነበረች። መጀመሪያ ወልቅፊት፣ ቀጥሎ ቁልቋል በር ተያዙ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም፣ ፓሪስ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ውርደት ይሉታል። ስመ ጥሩው ፈላስፋቸው ቤኔዴቶ ክሮቼ እንዳይጸድቅ በጉባኤያቸው ተሟግቷል።

ሙግታቸውን መስማት አለብን። ያን ጊዜ ሙሶሊኒ ሞቷል። መንግሥቱን የሚመራው ፋሺስቶች ያሰሩት ደ ጋስፔሪ ነበር። አገሪቱ ከ1936 ዓ.ም መግቢያ ጀምሮ ጀርመንን ወግታለች። በውሉ ግን ኢስትሪያን ለዩጎዝላቪያ ለቀቀች፣ የጦር መርከቦቿ ተከፋፈሉ፣ ቅኝ ግዛቶቿን ሁሉ አጣች። ያጠፋው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ የሚያሰኝ ነገር አለው።

ሒሳቡን ስናየው ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የጠየቀችው ካሳ ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። የተፈረደላት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በጊዜው ምንዛሬ ከጠየቀችው ከሠላሳ አንድ እጅ ገደማ። ዩጎዝላቪያ 125፣ ግሪክ 105፣ ሶቪየት ኅብረት 100 ሚሊዮን አገኙ። የመርዝ ጋዝ የዘነበባት አገር ድርሻ ይህ ነበር! እሱም በኋላ በድርድር ተቀንሶ ቆቃ ግድብ ላይ ዋለ።

ሊቢያና ሶማሊያስ? አንድ ሳንቲም ካሳ አልተቆረጠላቸውም። ይባስ ብሎ ሶማሊያ በ1942 ዓ.ም ለአሥር ዓመት ሞግዚትነት ለዚያችው ለጣሊያን ተመልሳ ተሰጠች። ተሸናፊ እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጠው የት ታይቷል?

ውሉ የተዘረፈው ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት የመጣው በ1997 ዓ.ም ነው።

ከሁሉ የሚከነክነን አንቀጽ 45 ነው። በጦር ወንጀል የተከሰሱትን አሳልፎ መስጠት ግዴታ ነበር። ኢትዮጵያ ስም ዝርዝር አቀረበች፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ አሉበት። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽንም የሚያስከስስ ነገር አለ ብሎ ተቀበለ። አንድም ሰው ግን ለእኛ አልተሰጠንም። ባዶሊዮ በትውልድ መንደሩ፣ አልጋው ላይ ሞተ።

ግራዚያኒ ማለት በ1924 ዓ.ም መግቢያ ዑመር አል-ሙኽታር ሊቢያ ላይ ሲሰቀሉ በዚያ የበላይ አዛዥ የነበረው፣ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋም አዲስ አበባን ያስተዳድር የነበረው ያው ሰው ነው። የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ እንጂ በእኛም በሊቢያዎችም ደም አይደለም። 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተፈታ።

እንግዲህ ውሉ ለጣሊያን ከበደ ቢባል፣ የከበደው አንድ ጥይት ላልተኮሰው የኢስትሪያ ገበሬ ነው። ለጄኔራሎቹ ቀልሏቸዋል። በ2004 ዓ.ም አፊሌ የምትባል የጣሊያን መንደር ለግራዚያኒ መታሰቢያ አቁማለች።