ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቆም ፋብሪካ

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። ቋሚው መስመር ቀደም ብሎ ቢመለስም የሞባይል ዳታ ግን ሦስት ሳምንት ገደማ እንደጠፋ ቆየ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያሉት ከተሞች ያንን ሰሞን እንዴት እንዳሳለፉት ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ዛሬ የማነሣው ከመዘጋቱ ጋር የተያያዘ፣ ዜና የማይሆን ጉዳይ ነው፦ ኮድ የሚጽፉ ወጣቶች መሣሪያቸውን እንዴት ይሠራሉ?

ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም ኤዲተር ይባላል። ኤዲተሩ የጎደለውን የሚሞላለት ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ደግሞ ፕለጊን ነው። ፕለጊን እንደተጻፈ አይሠራም። ኮዱ ይተረጎማል፣ ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር ይሰፋል፣ አንድ ጥቅል ሆኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ የሚጨርሰው ቢልድ ሲስተም ነው። ፋብሪካ በሉት።

አዳማ ላይ ፕለጊን ቅንጦት አይደለም። ከተማዋ በሁለት ፊደል ትጽፋለች። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በቁቤ ይጻፋል፤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የትኛውም ኤዲተር ያነበዋል። ችግሩ «ሁዳ» ላይ ነው። «ታኤ» (ሆነ) የሚለው ቃል በቁቤ ሲጻፍ መሀሉ ላይ ጭረት አለው። ያ ጭረት በብዙ የኮድ ቋንቋዎች የጽሑፍ መክፈቻና መዝጊያ ምልክት ነውና ቃሉ እኩሌታው ላይ ይቆረጣል። አማርኛ በተቃራኒው ነው። በዛሬው ታዋቂ ኤዲተር፣ በቪኤስ ኮድ፣ «ሰላም።» የሚለውን ሁለቴ ብትጫኑት አራት ነጥቡም አብሮ ይመረጣል፤ ቃል የሚለዩት ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ የኛ ነጥቦች የሉማ። ይህን የሚያቃና ፕለጊን ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ሲሊኮን ቫሊ ተቀምጦ የሚጽፍልን ግን የለም።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካው ቤል ላብስ ስቲቭ ጆንሰን የሚባል ፕሮግራመር ስህተት ሲያድን ሙሉ ጠዋቱን ያጠፋል። ስህተቱን አስቀድሞ አርሞታል፤ የታረመውን ፋይል እንደገና መተርጎም ብቻ ረስቷል። የሥራ ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን ይህን ሰምቶ «ሜክ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። የትኛው ፋይል እንደተለወጠ አይቶ እሱን ብቻ መልሶ ይሠራል። ሜክ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፦ መስመሩ በታብ ካልጀመረ አይቀበልም። ፌልድማን ሊያስተካክለው አስቦ ነበር፤ ግን ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች ስለነበሩት እንዳይረብሻቸው ተወው። ዛሬም ዓለም በዚያች ታብ ይሰቃያል። ያም ሆኖ ሜክ የሚፈልገው ሁሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ነገር ነው።

የኛ ፊደል ወደ ኮድ ኤዲተር የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ያስገቡት ደግሞ ጃፓኖች ናቸው። ኢማክስ የተባለውን ኤዲተር የብዙ ቋንቋ ለማድረግ በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ኬኒቺ ሃንዳና ባልደረቦቹ «ሚዩል» የተባለውን ሥራ ያዙ። የግዕዝ ፊደሉን ክፍል የጻፈው ናኦቶ ታካሃሺ ነው። እሱ የተመረኮዘበት «ሴራ» የተባለው ፊደልን በላቲን የመጻፊያ ሥርዓት ደግሞ የይትና ፍርድይወቅና የዳንኤል ያዕቆብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራው በኢማክስ 20 ውስጥ ተካተተ። የኢማክስ የሰላምታ ፋይል ሲከፈት የአማርኛው ተራ ላይ «ሠላም» ይላል፣ ያውም በንጉሡ ሠ።

ያን ጊዜ ዩኒኮድ ግዕዝን ገና አላካተተም፤ ያካተተው በ1999 ነው። ስለዚህ ታካሃሺ የተጠቀመበት ኮድ በኋላ መለወጥ ነበረበት፤ ተለወጠም። የተቻለው ምንጩ ክፍት ስለነበርና ማንም መልሶ ሊገነባው ስለሚችል ነው። በዚያው ዘመን የተሸጡትን የአማርኛ ፎንቶች አስቡ። ብዙዎቹ ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ ደርበውት ነበርና ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የተከፈተ ደብዳቤ ትርጉም የለሽ የላቲን ቁርጥራጭ ይሆናል።

ቪኤስ ኮድ በ2015 ሲመጣ ፋብሪካው ተለወጠ። አንድ ጀማሪ ፕለጊን ሲነሣ፣ ለዚያች አንድ ገጽ ኮድ፣ «ኤንፒኤም» ከተባለው መጋዘን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቅሎች በኢንተርኔት ይወርዳሉ። ምቾቱን አልክድም፤ አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት የሚሠራ ነገር ይዞ ይነሣል። ግን መጋቢት 2016 (እ.ኤ.አ.) አንድ ፕሮግራመር ተጣልቶ ሥራዎቹን ከመጋዘኑ አነሣ፤ ከመሀላቸው «ሌፍት ፓድ» የምትባል 11 መስመር ኮድ ነበረች። ከሰዓታት በኋላ እስክትመለስ ድረስ በዓለም ዙሪያ ቢልዶች ቆሙ። እነሱ ለሰዓታት ነው። እኛ የሞባይል ዳታ ያጣነው ለሦስት ሳምንት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያለቀለት ፕለጊን አንድ ዚፕ ፋይል ስለሆነ፣ ዘፈንና ፊልም እንደምንለዋወጠው፣ ከአዳማ ዝዋይ በፍላሽ ይደርሳል፤ ኤዲተሩም ያለ መስመር ይጭነዋል። ፋብሪካው ግን እንዲህ አይጓዝም። የጥቅሎቹን ፎልደር ገልብጣችሁ ብትወስዱት እንኳ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኢኤስቢልድ፣ ለዊንዶውስና ለሊኑክስ የተለያዩ ስለሆኑ በሌላው ኮምፒውተር ላይ እምቢ ይላሉ። በመዘጋት ጊዜ አዲስ አንቀሳቃሽ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ያኔ መጠቀም የሚቻለው የሌሎችን ሥራ ነው፣ መሥራት አይቻልም።

መፍትሔው አለ፣ ውድም አይደለም። «ቨርዳቺዮ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አንዴ የወረደን ጥቅል በአካባቢ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል፤ ቀጣዩ ተማሪ ከዚያው ይወስዳል። እንዲህ ያለ መጋዘን እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ በተጀመረው በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢቀመጥ ውጪው መስመር ቢቋረጥም ውስጡ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ ቢይዘው ደግሞ ከአንድ ግቢ ያልፋል። ሰርቨር እስኪገኝ የምትጠብቁ ኮድ ጸሐፊዎች የራሳችሁን ፋብሪካ ዛሬ ማታ መፈተን ትችላላችሁ፦ ፕሮጀክታችሁን በፍላሽ ወደ ጓደኛችሁ ላፕቶፕ ውሰዱ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ቢልድ በሉት። የሚቆምበት መስመር ላይ የጎደለው ጥቅል ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ።