ዘርን ወደ ውጭ ስለ ማፍሰስና በላስታ ልጅ ስለ ማራራቅ

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት በጋሸና፥ በጠቅላላውም በላስታ ደጋ፥ ባልና ሚስት ልጅ ለማራራቅ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ከጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዜና መዋዕልና ገድል የባለትዳርን መኝታ ለመመዝገብ አልተጻፉም። ይልቁንም ዘርን ወደ ውጭ ማፍሰስ መሣሪያ የማይሻ፥ ገበያ የማይወጣ ልማድ ስለ ሆነ፥ ከባልና ከሚስት ሌላ የሚያውቀው ቢኖር የንስሐ አባት ነው፤ እርሱም የሰማውን አያወጣም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 የሚገኘው የአውናን ታሪክ ግን በካህናቱ ዘንድ የታወቀ ነው። አውናን የተቀጣው ለሞተው ወንድሙ ዘር እንዳይተካ ብሎ ዘሩን በማፍሰሱ ነው። ይህ የዕብራውያን ሥርዐት ነው፤ በላስታ ግን የወንድምን ሚስት ማግባት በቤተ ክርስቲያን ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የደጋው ሰው ታሪኩን ሲሰማ፥ ለወንድም ስለ ተነፈገው ዘር ሳይሆን ስለ ፈሰሰው ዘር እንደ ተነገረ አድርጎ ቢቀበለው አያስደንቅም።

ጾም ልጅን ያራርቃል ማለት የሚቻል ይመስላል፤ ረቡዕና ዐርብ፥ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ የፍልሰታም 15 ቀን መታቀብ ይታዘዛልና። ነገር ግን ለመፅነስ የቀሩት ሌሊቶች ይበቃሉ። ከዚህ ይልቅ የበረታው ጡት ማጥባት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ በኢትዮጵያ የማጥባት መካከለኛ ዘመን 25 ወር ገደማ ነበር፤ አዘውትራ የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ዘግይቶ ይመለሳል። ይህም ሁሉ ሆኖ በዚያው ጥናት በአንዲት የአማራ ክልል ሴት የሚሰላው የልጅ ቁጥር 5.9 ነበር።

በፈረንሳይ አገር በ18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የወሊድ ቁጥር መቀነስ የጀመረው ያለ መድኃኒት ነው፤ ብዙ የታሪክ ሊቃውንትም ለዚህ ዋናው ዘዴ ይኸው የማፍሰስ ልማድ እንደ ነበረ ይናገራሉ። በላስታ እንዲህ አልሆነም። ልዩነቱ ከዕውቀት ማነስ የመጣ አይመስልም፤ የአውናንን ታሪክ የሰማ ሁሉ ዘዴውን ሰምቷልና። ልጅ እረኛና የእርጅና ጧሪ በሆነበት፥ ብዙም ሕፃን በሚሞትበት አገር፥ ወንዱ ራሱን የሚገታበት ምክንያት ጥቂት ነበር። በየወሊዱ ሕይወቷ ለአደጋ የሚጋለጠው ሴቲቱ ናት፤ ዘዴው ግን በእርሷ እጅ አልነበረም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን በይፋ ማስተዋወቅ ከልክሎ ነበር፤ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከአማራ ክልል ባለትዳር ሴቶች 47 በመቶ ያህሉ በዘመናዊ መከላከያ ሲጠቀሙ፥ የልጅ ቁጥሩ ወደ 3.7 ወርዷል። በአገሪቱ በሙሉ በልማዳዊ ዘዴ እንጠቀማለን ያሉት ግን 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ከሁሉ ይልቅ የተመረጠው መርፌ ነው፤ በየሦስት ወሩ ይወሰዳል፥ ባል ሳያውቅም ሊወሰድ ይችላል።