ሚያዝያ 27 እና የአገው ምድር፦ ከድል በኋላ የቀረው ሥራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች የድል መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል። በ1928 ዓ.ም በዚህች ዕለት የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም በዚያችው ዕለት ደግሞ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ። በሁለቱ ቀኖች መካከል አምስት የመከራ ዓመታት አሉ። ስለ አርበኞቹ ተጋድሎ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። እኛ ግን ዛሬ እምብዛም የማንነጋገርበትን ነገር እናንሣ፦ ያ ጦርነት ወገንን ከወገን እንዴት ከፈለ? ክፍፍሉስ በድሉ ማግስት ዳነ ወይ?

አስቀድመን ወደ ገዛ ቤታችን እንመልከት። በ1921 ዓ.ም በእስክንድርያ መንበር ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል አቡነ ጴጥሮስና የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ይገኙበታል። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አንገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ ተጨፈጨፉ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም በኢጣልያ አገዛዝ ፈቃድ የሊቀ ጳጳስነትን ሥልጣን ተቀበሉ፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሹመት አወገዘች። እንግዲህ አስተውሉ፤ በአንድ ዓመት የተሾሙ ሁለት አባቶች በተለያየ መንገድ ሄዱ። ክፍፍሉ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ አልቀረም፤ እስከ መንበረ ጵጵስና ደርሷል።

በጎጃምም እንዲሁ ነበር። ከ1930 ዓ.ም ጀምሮ አመፁ በሰፊው ሲቀጣጠል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም በየአቅጣጫቸው ተዋጉ። በሌላው ወገን የቀድሞው የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው ነበር። በእነዚህ ታላላቅ ስሞች ሥር ደግሞ ስሙ ያልተጻፈ ሕዝብ አለ። አንዱ ወንድም ጫካ ገባ፤ ሌላው ለደመወዝ፣ በፍርሃት ወይም በቆየ ቂም ምክንያት የጠላትን ጠመንጃ ተሸከመ። «አርበኛ» እና «ባንዳ» የሚሉት ቃላት አንድን አጥቢያ፣ አንዳንዴም አንድን ቤት ለሁለት ከፈሉ።

አርበኞቹ ራሳቸውም ሁልጊዜ አንድ አልነበሩም። ደጃዝማች መንገሻና ደጃዝማች ነጋሽ ተቀናቃኞች ነበሩ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም ወደ ጎጃም የገባው፣ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከፈጸማቸው ቀዳሚ ተግባራት አንዱ ሁለቱን ማስማማት ነበር። በ1933 ዓ.ም መባቻ በአንድነት ለመሥራት ተስማሙ። ድሉ የመጣው ከዚህ ስምምነት በኋላ መሆኑን ልብ እንበል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም፣ በቃና ዘገሊላ በዓል ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ አገራቸው ገቡ። በየካቲት ወር የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወጣ፤ ቀጥሎም ቡሬን ለቀቀ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ራስ ኃይሉም በዚያ እጃቸውን ሰጡ፤ በቁጥጥር ሥር ዋሉ እንጂ በሞት አልተቀጡም። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ አበባ ባሰሙት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በተማረከው ጠላት ላይም ጭካኔ እንዳይፈጽም አዘዙ። ይህ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት ያስተማረው ትምህርት ነው። የደብረ ሊባኖስ ደም ገና ሳይደርቅ እንዲህ ያለ ቃል መነገሩ ታላቅ ነገር ነው። ጎንደር ላይ የቀረው የኢጣልያ ጦርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም እጁን ሲሰጥ ጦርነቱ በአገራችን ምድር አበቃ።

ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ዐዋጅ በቀልን ይከለክላል እንጂ ልብን አያስታርቅም። ከድሉ በኋላ ለጠላት ያገለገሉ አንዳንዶች ሹመት ሲያገኙ፣ በዱር የተንከራተቱ ብዙ አርበኞች ተረሳን ብለው አዘኑ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጠላትን አምስት ዓመት ተዋግተው፣ በነጻነት ዘመን፣ በጥር 1937 ዓ.ም በገዛ መንግሥታቸው ፍርድ በስቅላት ሞቱ። የመታሰቢያው ቀን እንኳ አንድ ሆኖ አልቆየም፤ በደርግ ዘመን ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

ከእንጅባራ ወደ ቡሬ ስትጓዙ የዘንገናን ሐይቅ አይታችሁ ይሆናል። ላዩ ጸጥ ያለ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር ይበልጣል። ያልታረቀ ሰላምም እንዲሁ ነው፤ ተኩስ ስለ ቆመ ብቻ ከሥር ያለው ቂም የለም ማለት አይደለም።

ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? ቤተ ክርስቲያናችን በምሥጢረ ንስሐ የምታስተምረን ሥርዓት መልሱን ይዟል። የበደለ ሰው ይጸጸታል፤ በደሉን በካህን ፊት ይናዘዛል፤ ቀኖና ተቀብሎ ይፈጽማል፤ የቀማውን ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቅዱስ ቍርባን ይቀርባል። እውነትን ሳይናገሩ «እንርሳው» ማለት ዕርቅ አይደለም፤ የተበደለው ሰው ዕንባውን ብቻውን እንዲውጥ መፍረድ ነው። እውነትን ተናግሮ ይቅርታን መንፈግም ዕርቅ አይደለም፤ በደሉን ለልጅ ልጅ ማውረስ ነው። ሁለቱ መገናኘት አለባቸው።

የአገው ምድር ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆን በዓል አላት። በ1932 ዓ.ም እንደ ተመሠረተ የሚነገረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ፈረሰኞቹ በአድዋና በአምስቱ ዓመት የዘመቱ አባቶቻቸውን፣ የተሸከሟቸውንም ፈረሶች ያስባሉ። በዚያ ሜዳ ላይ ከሚሰለፉት መካከል አያቱ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ የሚጠየቅ የለም። የልጅ ልጆች አብረው ይጋልባሉ። መታሰቢያ ማለት እንዲህ ሲሆን ያማረ ነው፤ ጀግናውን ያከብራል፤ የማንንም ልጅ ግን በአባቱ በደል አያሳፍርም።

ይህን የምንጽፈው ያለፈውን ለማውራት ብቻ አይደለም። በእኛ ዕድሜ ሁለት ዓመት የፈጀ የወንድማማቾች ጦርነት አይተናል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ያን ጦርነት ቢያስቆምም፣ ሐዘኑ በብዙ ቤት አለ፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም በዚያ ሰበብ ተለያይተው አይተናል። በገዛ ክልላችንም ከዚያ ወዲህ ደም ፈስሷል። «ባንዳ» የሚለው የአያቶቻችን ዘመን ቃልም ዛሬ በስልካችን ላይ በቀላሉ የሚወረወር ስድብ ሆኗል። ቃሉ በዚያን ዘመን ስንት ቤት እንዳፈረሰ የሚያውቅ ክርስቲያን እንዴት በወንድሙ ላይ ይወረውረዋል?

ስለዚህ በዚህ ዓመት መታሰቢያውን ስናከብር ሦስት ነገር እናድርግ። በሕይወት ያሉ አረጋውያንን እንጠይቅ፤ ክብሩንም ሐፍረቱንም ሳንሸሽግ እንጻፍ። ለሞቱት ሁሉ በጸሎት እናስብ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ስትጸልይ የምትለምነው የእግዚአብሔርን ምሕረት ነውና። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝ፣ አጠገባችን ለቆመው ሰው ራሳችንን ዝቅ የምናደርገው እንደ ልማድ አይሁን። የተቀየምነው ወንድም ካለ፣ ጌታችን እንዳስተማረን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን እንታረቅ። አባቶቻችን ድሉን አስረክበውናል፤ ዕርቁ የእኛ ዕዳ ነው።

የሰላም አለቃ መድኃኔ ዓለም ለአገራችን ሰላሙን፣ ለልባችን ዕርቁን ይስጠን። የሰማዕታት በረከት ይደርብን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።