አሬሲቦ፦ ሰማይን ያዳምጥ የነበረው ጆሮ እንዴት ወደቀ?

ግንብ ሲፈርስ ወይም ድልድይ ሲደረመስ ዜናው የሚነግረን የመጨረሻዋን ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያች ቅጽበት በስተጀርባ የተደራረቡትን ዓመታት የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 2020፣ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የፖርቶ ሪኮ ደሴት የሆነውም ይኸው ነበር። ማለዳ 2 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከ800 ቶን በላይ የሚመዝን የብረት መድረክ ከ130 ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ ወርዶ ከሥሩ የተዘረጋውን ግዙፍ ሣሕን ሰባበረው። የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ በዚያች ማለዳ አበቃለት። እንደ እድል ሆኖ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን መመለስ ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊልያም ጎርደን የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አይኖስፌር የሚባለውን የላይኛውን የከባቢ አየር ክፍል በኃይለኛ ራዳር ማጥናት ይፈልግ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርም ሚሳይል በዚያ ክፍል ሲያልፍ የሚተወውን ዱካ ማወቅ ይሻ ስለነበር ገንዘቡን ሰጠ። የተመረጠው ቦታ ተፈጥሮ ራሷ ጎድጓዳ አድርጋ ያበጀችው የኖራ ድንጋይ ሸለቆ ነው። በ1963 ዓመተ ምረቃው 305 ሜትር ስፋት ያለው ሣሕን በሸለቆው ውስጥ ተነጠፈ። ሣሕኑ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ማማዎች ላይ በታሰሩ የብረት ገመዶች ከበላዩ የተንጠለጠለው መቀበያ ነበር። የአካባቢው ሰው ሳይንሱን ትቶ በአጭሩ «ራዳሩ» ይለው ነበር።

ለጦር የታሰበው መሣሪያ ግን ብዙም ሳይቆይ የሳይንስ ሆነ። በ1965 አጣርድ ወይም ሜርኩሪ የምትባለው ፕላኔት በራሷ ዛቢያ ዙሪያ የምትዞረው እንደሚታሰበው በ88 ቀን ሳይሆን በ59 ቀን መሆኑን ገለጠ። በ1974 ራስል ሃልስና ጆሴፍ ቴይለር እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት የሞቱ ከዋክብትን አገኙበት። የከዋክብቱ ዙረት አንስታይን በተነበየው ልክ እያጠረ መሄዱ የስበት ሞገድ መኖሩን አመለከተ፤ ሁለቱም ሰዎች በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው በ1974፣ ምናልባት የሚሰማ ቢኖር ተብሎ፣ 25 ሺሕ የብርሃን ዓመት ወደሚርቅ የከዋክብት ክምችት አጭር መልእክት ተላከ። በ1992 ደግሞ ከፀሐያችን ውጭ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ፕላኔቶች መኖራቸው በእርግጠኝነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በዚሁ ቴሌስኮፕ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው መሣሪያ ምን አገኘው? መልሱ የሚጀምረው ከሒሳብ መዝገብ ነው። በ2006 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ያቋቋመው ኮሚቴ ፋውንዴሽኑ ለአሬሲቦ ሥነ ፈለክ የሚሰጠው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ዓመታዊ ድጎማ በ2011 ወደ 4 ሚሊዮን እንዲወርድ፣ ሌላ አጋዥ ካልተገኘም እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ ጥላቻ አልነበረም፤ አዳዲስ መሣሪያዎች መሠራት ነበረባቸው፣ ካዝናው ደግሞ አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቴሌስኮፑ «ነገ ይዘጋ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ሥር ኖረ። ነገው የማይታወቅ ቤት ደግሞ ጣሪያው ቢያፈስ የሚቸኩልለት የለም።

በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ገመዶች ከተተከሉበት መያዣ በጥቂቱ ወጣ ማለታቸው በፍተሻ ታይቶ ነበር፤ አደጋ ነው ብሎ የደነገጠ ግን አልነበረም። ኦገስት 2020 አንዱ ረዳት ገመድ ተሞሽልቆ ወጣ፤ ወደታችም ወርዶ ሣሕኑን 30 ሜትር ያህል ቀደደው። በኖቬምበር አንድ ዋና ገመድ ተበጠሰ፤ ያውም ይሸከማል ከተባለው ጭነት በእጅጉ ባነሰ ጭነት። ፋውንዴሽኑ ጥገናው የሠራተኛ ሕይወት ያስከፍላል ብሎ ቴሌስኮፑ በሥርዓት እንዲፈርስ ወሰነ። ውሳኔው በተሰማ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቴሌስኮፑ ቀድሞ በራሱ ፈረሰ።

በ2024 የወጣው የባለሙያዎች ጥናት ጥፋቱን ያገኘው ገመዱን ከመያዣው ጋር አጣብቆ በሚይዘው ዚንክ ላይ ነው። ዚንኩ ለዓመታት በጭነት ሥር ቀስ በቀስ ቅርጹን ለውጦ ገመዱን ለቀቀው። በሌላ ቦታ በእንዲህ ያለ መያዣ ላይ ያልታየ ነገር በመሆኑ፣ አጥኚዎቹ የቴሌስኮፑ ኃይለኛ የራዲዮ ሞገድ ራሱ ዚንኩን አፋጥኖት ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ሰጥተዋል። ስለዚህ በጀቱን ብቻ ነፍሰ ገዳይ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ገመዱ እየተንሸራተተ መሆኑ በዓይን የሚታይ ነበር። የታየውን ነገር «ጉዳት» ብሎ ለመጥራት ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ የሚያስፈራው ሰው፣ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

ዛሬስ? ቻይና በ2016 ሥራ ያስጀመረችው 500 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ በማዳመጥ ከአሬሲቦ ይበልጣል። ነገር ግን አሬሲቦ አዳማጭ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ምድር የሚጠጉ ዐለቶችን በራዳር ድምፅ ጠርቶ መልሳቸውን የሚቀበል ተናጋሪም ነበር። በዚያ አቅም የሚተካው እስካሁን አልተገኘም። ሳይንቲስቶች አዲስ መሣሪያ በዚያው ሸለቆ ይሠራ ብለው ንድፍ ቢያቀርቡም፣ ፋውንዴሽኑ በ2022 ዳግመኛ እንደማይሠራው አስታውቆ፣ ቦታው የሳይንስ ትምህርት ማዕከል እንዲሆን ወስኗል። የደሴቲቱ ልጆች ወደዚያ ይመጣሉ፤ የሚማሩትም ጆሮ በነበረው ባዶ ጉድጓድ አጠገብ ነው።

አዲስ ነገር ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጋዜጠኛ አይጠፋም። ገመድ ሲመረመርና ዚንክ ሲለካ ግን ማንም አያጨበጭብም። አሬሲቦን ለ57 ዓመታት ያቆመው ያ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነበር፤ የጎደለ ዕለት የታወቀውም እሱ ነው።